አላጊል ሲንድሮም ያለባቸው ልጆቻችን ከካቴተር ሕክምና ተራ መሰረዛቸውን በተመለከተ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የጤናው ዘርፍ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሕፃናት ልብ ሕክምናን ተራ ለምትወስኑ ሐኪሞች እና የጤና መድንን ለምታስተዳድሩ ሁሉ፤

እኛ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በመንዝ፣ በሞረትና ጅሩ፣ በጣርማበርና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የምንኖር፣ አላጊል ሲንድሮም የተባለ፣ ጉበትን፣ ልብንና ሌሎች የሰውነት ክፍሎችን አብሮ የሚነካ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልንጽፍላችሁ የተገደድነው፣ ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት የሳንባ ደም ቅዳዎቻቸው በመጥበባቸው ለካቴተር ሕክምና፣ ማለትም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ጥበቱን ለማስፋት፣ ተመዝግበው ሲጠባበቁ የነበሩ ልጆቻችን ከተጠባባቂዎች መዝገብ እንዲወጡ መደረጋቸው ስለተነገረን ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፦ ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ቅድሚያው ቀላል የልብ ችግር ላለባቸው ልጆች ይሰጣል፣ «ሲንድሮም ያለባቸው» ለጊዜው አይስተናገዱም።

ውሳኔውን ያሳለፈውን ተቋም ስም አንጠቅስም፤ በዚያ የሚሠሩትን ሐኪሞች ለወቀሳ አጋልጦ መስጠት ፍላጎታችን አይደለምና። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተውን የልብ ማዕከልም ይህ ቅሬታ አይመለከተውም። የሕፃናት ልብ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበትና የጠበበውን ደም ሥር የሚያሰፋው ባሉን በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ወረፋ መደልደል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንረዳለን። የምንቃወመው አንድ ነገር ነው፤ የልጁን ልብ ሳይለኩ በሕመሙ ስም ብቻ መወሰንን።

ደብዳቤው ከሐኪሞች ሌላ የበጀትና የመድን ኃላፊዎችም እጅ ስለሚገባ ስለ ሕመሙ የምናውቀውን ማስቀደም ይገባናል። አላጊል ሲንድሮም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ከዳንኤል አላጊል ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1975 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ በጉበት ውስጥ ያሉ የሐሞት ቱቦዎች ማነስ ከልብ፣ ከአከርካሪ አጥንት፣ ከዓይንና ከፊት ገጽታ ለውጥ ጋር አብሮ የሚገኝባቸውን ልጆች ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የሕመሙ ምንጭ በ20ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው ጃግድ አንድ የተባለው ጂን ጉድለት መሆኑ ታወቀ፤ በጥቂት ታማሚዎች ላይ ደግሞ ኖች ሁለት የተባለው ሌላ ጂን መንስኤ እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ተረጋገጠ። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ በእያንዳንዱ እርግዝና ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ይሁን እንጂ ከታማሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ለውጡ ከወላጅ ያልመጣ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቀን የምናነሣው ከመካከላችን ያሉ እናቶች «በወገንሽ ያለ ነው» እየተባሉ ሲወቀሱና ትዳራቸው ሲናጋ ስላየን ነው።

ሕመሙ ካለባቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የልብ ወይም የትልልቅ ደም ሥሮች ችግር ይገኝባቸዋል። ከሁሉ የበዛው የሳንባ ደም ቅዳና የቅርንጫፎቹ መጥበብ ነው። ጥበቱ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ቀላል ነበር፤ በብዙዎቹ ልጆች ግን በሁለቱም ሳንባዎች ውስጥ በየቅርንጫፉ ተበታትኖ ይገኛል። በጤናማ ልጅ የቀኙ የልብ ክፍል ደሙን ወደ ሳንባ የሚገፋው በ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት ነው፤ ይህም ግራው ክፍል ለመላው አካል ከሚጠቀምበት ግፊት ሩብ ያህል ማለት ነው። መንገዱ ሲጠብ የቀኙ ክፍል በጉልበት መግፋት ይጀምራል፣ ጡንቻው ይወፍራል፣ ግፊቱ ወደ ግማሽ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ በአንዳንዶቹም ከግራው ጋር ወደ መተካከል ይደርሳል። ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ በሩጫ መሐል ይዝለፈለፋል፣ ውሎ አድሮም እግሩና ሆዱ ያብጣል።

ለዚህ ችግር ደረትን ሳይከፍቱ የሚሰጠው ሕክምና የካቴተር ሕክምና ነው። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ባለ ደም መልስ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በቀኙ የልብ ክፍል አሳልፎ ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ያደርሰዋል፤ በየደረጃው ግፊቱን ይለካል፣ በራጅ የሚታይ መድኃኒት ረጭቶ ጥበቱ የት የት እንዳለ ያያል፣ ከዚያም በቱቦው ጫፍ ያለውን ባሉን በጠበበው ቦታ ላይ ይነፋዋል። ባሉኑ የደም ሥሩን ውስጠኛ ግድግዳ በልኩ ቀደድ በማድረግ ያሰፋዋል፣ ግድግዳውም ሰፍቶ እንዳለ ይድናል። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ጀምስ ሎክና ባልደረቦቻቸው ይህ በሕፃናት የሳንባ ደም ቅዳ ላይ ሊሠራ እንደሚችል ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሕክምና ነው፤ በልጆቻችን ላይ አዲስ ነገር ይሞከርልን አላልንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተራ ባሉን ከተሞከሩት ጥበቶች የተሳካው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። በኋላ ከፍተኛ ግፊት የሚችሉ ባሉኖች፣ እምቢ ላለው ግድግዳ ደግሞ ጥቃቅን ምላጭ ያላቸው ባሉኖች መጡ፤ ስቴንት የተባለው የብረት መረብም ልጁ ሲያድግ ተመልሶ ሊሰፋ በሚችል መጠን ይገባል።

አደጋውንም አንክድም። የደም ሥሩ ሊተረተር ይችላል፣ የተሰፋው ቦታ እንደ ከረጢት ሊያብጥ ይችላል፣ ለዓመታት ጥቂት ደም ሲደርሰው የኖረ የሳንባ ክፍል ድንገት ብዙ ደም ሲገባበት በውሃ ሊሞላ ይችላል። በአላጊል ልጆች ላይ ደግሞ ጉበቱም ኩላሊቱም አብረው ስለሚታመሙ ጥንቃቄው ይበዛል። እነዚህን ሁሉ የነገሩን ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው፤ ሰምተን፣ ተረድተን፣ የስምምነት ቅጹን ፈርመን ነበር ተራ የያዝነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን እንግዲህ ይኸው በስም መለየት ነው። «ሲንድሮም» የሚለው ቃል ስለ አንድ ልጅ ልብ ምንም አይናገርም። ሁለት ልጆችን እንይ። አንዷ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ሕመሙ አለባት፣ በልቧ ላይም ያልተለመደ ድምፅ ይሰማል፣ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ ግን ጥበቱ ቀላል፣ የቀኙ ክፍል ግፊትም ከጤናማው እምብዛም ያልራቀ ነው። ሐኪሟ በየጊዜው እንድትታይ ብቻ ወሰኑ፤ ወላጆቿም ተስማሙ፣ ማንም ባሉን ይነፋላት ብሎ አልጠየቀም። ሁለተኛዋ በመንዝ የምትገኘው የመሐል ሜዳ ከተማ ልጅ ናት። የቀኝ ልቧ ግፊት ከግራው ሁለት ሦስተኛ አልፏል፤ በልቧ የላይኛ ክፍሎች መካከል ሳይዘጋ በቀረው ቀዳዳ በኩል ያልተጣራ ደም ወደ ግራ ስለሚያልፍ ስታለቅስና ዳገት ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። እነዚህ ሁለት ልጆች በአዲሱ ውሳኔ በአንድ ስም ተፈርጀው ከሕክምናው ተገልለዋል፤ የመጀመሪያዋ የማያስፈልጋትን አጣች፣ ሁለተኛዋ ያለ እርሱ ልትኖር የማትችለውን።

በሌላ በኩል ከመሐል ሜዳዋ ልጅ ይልቅ ጊዜ የሚሰጥ ችግር ያለበት፣ ሲንድሮም የሌለው ልጅ ቀድሟት ሊገባ ይችላል። የዚያ ልጅ ወላጆች የእኛው ጎረቤቶች ናቸው፣ ልጃቸው ታክሞ ቢመለስ ደስታችን ነው፣ ከተራው ይውጣልን የሚል ቃልም ከአፋችን አይወጣም። ተራው በአስቸኳይነትና በሚገኘው ጥቅም ይደልደል ነው የምንለው። ልጃችን ተለክታ፣ የሌላው ልጅ ችግር የባሰ ሆኖ ከተገኘ እንጠብቃለን። ተለክታ ሕክምናው የማይጠቅማት መሆኑ ቢነገረንም መራራ ቢሆን እንቀበለዋለን። ሳትለካ መሰረዟን ግን ልንቀበል አንችልም።

«ሕመሙ ብርቅ ነው፣ ለጥቂቶች ብሎ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም» የሚል መልስም ከአንድ የሥራ ኃላፊ ሰምተናል። አላጊል ሲንድሮም በ30,000 ሕያው ልደቶች አንድ ገደማ እንደሚገኝ ይገመታል። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆች በሚወለዱባት በእኛ አገር ይህ ግምት ቢሠራ በየዓመቱ 100 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ልጆች ሕመሙን ይዘው ይወለዳሉ ማለት ነው። የሳንባ ደም ቅዳ መጥበብ ደግሞ የአላጊል ልጆች ብቻ ችግር አይደለም፤ ዊልያምስ ሲንድሮም የተባለ ሌላ የዘረመል ሕመም ባለባቸው፣ እናታቸው በእርግዝና ጊዜ ሩቤላ የተባለው ቫይረስ ይዟት በተወለዱ፣ በልብ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ በቀረባቸው ልጆችም ላይ ይታያል። ባሉኑም፣ የሐኪሙ ልምድም የሚያገለግለው ለእነዚህ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ልጆቻችን በጉበት ክፍልና በልብ ክፍል መካከል ስለሚንከራተቱ ነው። የጉበት ሐኪሙ «ልቡ ሳይስተካከል በጉበቱ ምንም ማድረግ አይቻልም» ይላል፤ የልብ ሐኪሙ «ጉበቱ እንዲህ ሆኖ ማደንዘዣ አደገኛ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ለየብቻው እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ልጅ ሲነጋገሩ ከመካከላችን ያየ ወላጅ የለም፤ መልእክቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የምናመላልሰው እኛ ነን፣ የሕክምና ቃሉን በትክክል መያዝ አለመያዛችንን እንኳ ሳናውቅ።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል በሞረትና ጅሩ ያለችው የእነዋሪ ከተማ ልጅ የሆነ የአንድ ታማሚ ታሪክ ያስረዳል። በዚህ ሕመም ሐሞት በደንብ ወደ አንጀት ስለማይፈስ ልጆቹ ስብን መፍጨት ይቸግራቸዋል፤ ከስብ ጋር የሚገቡት ቫይታሚኖች፣ ማለትም ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያንሳሉ። ቫይታሚን ኬ ሲያንስ ደም አይረጋም። የእነዋሪው ልጅ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተራው ደርሶ፣ ከሌሊት ጀምሮ ጾሞ፣ ወደ ካቴተር ክፍሉ ሊገባ ሲል የደም ምርመራው ደሙ በሚፈለገው ፍጥነት እንደማይረጋ አሳየ። ሐኪሞቹ ማቋረጣቸው ትክክል ነበር፤ በብሽሽቱ ቢወጉት ሊደማ ይችል ነበር፣ የአላጊል ልጆች ደግሞ በጭንቅላት ውስጥ ለሚፈስ ደም ጭምር የተጋለጡ ናቸው። ጥያቄያችን ያ ምርመራ ለምን ከሳምንታት በፊት እዚሁ ደብረ ብርሃን አልተሠራም የሚል ነው። ምርመራው ተራ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ የቫይታሚን ኬ መርፌም ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ቀድሞ ተመርምሮ ቫይታሚኑን ቢወስድ ኖሮ፣ እጥረቱ በዚያ የሚታረም ከሆነ፣ በዚያ ቀን ይታከም ነበር። ያ ቀን ለሌላ ልጅም ሳይሆን ባክኖ ቀረ። ልጁ «በሌላ ቀጠሮ» ተብሎ ተመለሰ፣ ሌላው ቀጠሮ ሳይደርስ ደግሞ አዲሱ ውሳኔ መጣ።

የኩላሊቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በራጅ የሚታየው መድኃኒት ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችልና ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ኩላሊታቸውም የተነካ ስለሆነ፣ የኩላሊት ምርመራው አስቀድሞ ታይቶ የመድኃኒቱ መጠን ሊመጠንና ፈሳሽ ሊሰጥ ይገባል። ከመካከላችን ለዚህ ምርመራ ሪፈር የተጻፈለት አንድም ልጅ የለም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ባሉኑ ዋጋና ስለ መድኑ ነው። አብዛኞቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ነን፤ መዋጯችንን በየዓመቱ ከፍለን ደብተራችንን አሳድሰናል። በካቴተር ክፍል ግን ለልጁ የሚሆነው መጠን ያለው ባሉን ከመጋዘን ሲጠፋ ወላጅ ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ ይነገረዋል፤ ከውጭ የተገዛው ደግሞ በመድኑ አይሸፈንም ተብለናል። አንድ የሸዋ ሮቢት አባት ሁለት በሬዎቹን ሸጦ፣ ዕድሩም አዋጥቶለት ባሉን ገዛ። የገዛው ባሉን መጠኑ ከጥበቱ ጋር ሳይመጣጠን ቀረ፤ የጥበቱ ትክክለኛ ስፋት የሚታወቀው ቱቦው ገብቶ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ መሆኑን ገዝተህ አምጣ ያለው ሰው አልነገረውም ነበር። በዚህ ሥራ ሐኪሙ የተለያየ መጠን ያላቸው ባሉኖች በአጠገቡ ተደርድረው፣ ልኩን አይቶ መምረጥ አለበት እንጂ ገበሬ ከገበያ አንዱን መርጦ እንዲያመጣለት መደረግ የለበትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ስንጽፍ ስሜታችንን መቆጣጠር ይከብደናል፤ ያ አባት ዛሬም የሚያርሰው በሰው በሬ ነው።

አራተኛው ጉዳይ የምንኖርበት ምድር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ የሳንባ ጥቃቅን ደም ሥሮች ስለሚጨማተሩ፣ አስቀድሞ በጠባብ መንገድ ደም ሲገፋ የኖረ ቀኝ ልብ ሌላ ጫና ይጨመርበታል። አንድ ሐኪም ይህን አስረድተውን ከመንዝ ቤተሰቦች አንዱ ልጁን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት፣ ዘመድ ቤት አውርዶ አስቀምጧል። ምክሩ ትክክል ነው፣ ነገር ግን የሕክምናው ምትክ ሊሆን አይችልም። ለደገኛ ልጅ የወረፋ አስቸኳይነት ሲመዘን የሚኖርበት ከፍታ ከግምት ገብቶ አያውቅም። መንገድ በጸጥታ ምክንያት በሚዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ቀርቶብሃል ተብሎ ከወረፋው መጨረሻ ይመደባል፤ ይህ በእኛ አቅም የሚስተካከል አይደለም።

በመጨረሻም ሕመሙ የሚታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። በእኛ አካባቢ ሕፃን ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፣ ቤተሰብ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይወስደዋል። ጠበሉንም ሆነ ባህሉን እዚህ ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ቤተሰብ ያለውን መንገድ ይሞክራል። የምናዝነው ልጁ ለክትባት ጤና ጣቢያ በተመላለሰባቸው ጊዜያት ሁሉ ቢጫነቱን ያየ ባለሙያ ወደ ሆስፒታል ሳይልከው መቅረቱ ነው። ከተወለደ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሕፃን ቢጫነቱ ካልለቀቀው፣ ሰገራው ከነጣና ሽንቱ ከጠቆረ፣ ቢጫነቱን የሚያመጣው ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር ዓይነቱ ተለይቶ መመርመር አለበት። ከፍ ሲሉ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆዳቸውን እስኪደማ የሚያሳክካቸው ነገር እከክ ነው ተብሎ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ቅባት የተቀባበት ቤት ከመካከላችን አለ፤ ማሳከኩ ግን ወደ አንጀት መፍሰስ ሲገባው በደም ውስጥ የቀረው የሐሞት ጨው ያመጣው ነበር። የልብ ድምፁን በመጀመሪያ የሰማችው በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ነርስ ናት። ከቢጫነቱ ጋር አያይዛ በጽሑፍ ወደ ሆስፒታል ስለላከችው ያ ልጅ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ምርመራ አለው፤ ስሟን ያለ ፈቃዷ ባንጽፍም ምስጋናችን ይድረሳት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጆቻችን ከመዝገብ መውጣታቸው በቃል፣ በኮሪደር ላይ ተነገረን። ደብዳቤ አልተሰጠንም። ደብዳቤ የሌለው ውሳኔ ይግባኝ አይባልበትም፣ ለሌላ ሆስፒታል አይቀርብም፣ ወደ ውጭ ለመላክ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ለሚጠይቅ ቤተሰብም አያገለግልም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሲንድሮም ስም የተላለፈው የመሰረዝ ውሳኔ ተነሥቶ ልጆቻችን ቀድሞ በነበሩበት ተራ ወደ መዝገቡ እንዲመለሱ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ በኢኮ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በካቴተር በተለካ የቀኝ ልብ ግፊት፣ በምልክቶቹና በሚኖርበት ከፍታ ተመዝኖ ይታከም፣ ይጠብቅ ወይም አይታከም እንዲባል እንጠይቃለን። ውሳኔው ምንም ይሁን ምን ምክንያቱ ተጽፎና ተፈርሞ ለወላጅ ይሰጠን።

የልብ፣ የጉበትና የኩላሊት ሐኪሞች፣ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር፣ ስለ እነዚህ ልጆች በአንድነት የሚመክሩበት ቀን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ይቆረጥልን፤ ወላጅም በዚያው ቀን፣ በአንድ ጉዞ ሁሉንም አግኝቶ ይመለስ። ከካቴተር ቀጠሮ በፊት ያለው ዝግጅት፣ ማለትም የደም መርጋት ምርመራው፣ ቫይታሚን ኬ መስጠቱና የኩላሊት ምርመራው፣ እዚሁ በዞናችን እንዲሠራ የሚያዝ አንድ ገጽ መመሪያ ቢዘጋጅ የእነዋሪው ልጅ የደረሰበት በሌላ ልጅ ላይ አይደገምም፤ ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።

በሕፃናት መጠን የሚገኙ፣ ከፍተኛ ግፊት የሚችሉ ባሉኖችና ሊሰፉ የሚችሉ ስቴንቶች በመንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ግዥ ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡና በየመጠኑ በካቴተር ክፍል እንዲቀመጡ፤ ከመጋዘን ጠፍተው በሐኪም ትእዛዝ ከውጭ ሲገዙም መድኑ ወጪውን እንዲመልስ እንጠይቃለን። ምላጭ ያለው ባሉን ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ እርሱን ለሁሉም አንጠይቅም፣ ተራው ባሉን እምቢ ላለበት ልጅ ግን ጥቂት እንኳ በእጅ ይኑር።

ከውጭ አገር የሚመጡ የሕፃናት ልብ ሐኪሞች ቡድኖች የሚያክሟቸው ልጆች ሲመረጡ የእኛ ልጆች መረጃ ተደብቆ እንዳይቀር፣ የኢኮውና የካቴተሩ ሥዕል አስቀድሞ ይላክላቸው። እነዚህ ቡድኖች ከባዱን ጥበት በማስፋት ልምድ አላቸው፤ አብረዋቸው የሚሠሩ የአገራችን ሐኪሞችም ያንን ልምድ የሚያገኙት ከባዱ ልጅ ሲቀርብ እንጂ ሲሰረዝ አይደለም።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያ ነርሶች በሚሰጠው መደበኛ ሥልጠና ውስጥ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫነትና ያልተለመደ የልብ ድምፅ አብረው ሲገኙ ሕፃኑ ሳይዘገይ ሪፈር እንዲባል የሚያዝ ትምህርት ይካተት። የጸጥታ ችግር መንገድ በዘጋበት ጊዜ ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ተራው እንዲጠበቅለት፣ ቀጠሮውም በስልክ እንዲሻሻል ይደረግ።

የመሐል ሜዳዋ ልጅ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ የሚቸኩል ስለሆነ፣ ለቀሩት ጥያቄዎቻችን መልስ እስኪዘጋጅ ሳይጠበቅ የእርሷ መዝገብ በዚህ ወር ውስጥ እንዲታይልን በተለይ እንማጸናለን። የምርመራ ውጤቶቿና የሐኪሟ ማስታወሻ በእጃችን አሉ፤ በተጠራንበት ቀን፣ በተጠራንበት ቢሮ ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

በሰሜን ሸዋ ዞን አላጊል ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተወካይ፣
የአንዲት ታማሚ ልጅ እናትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት
ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ልጆቹ ለሚኖሩባቸው ወረዳዎች ጤና ጽሕፈት ቤቶች
ልጆቹን ለሚከታተሉ ሐኪሞች